ለሕዝብ ክፍት የተባለው መድረክ ለየትኛው ሕዝብ ነው?

ሥነ ጥበብ ከማኅበራዊ ንቃት ዘርፎች አንዱ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከሰው ልጅ የሥራ ትግል ተለይቶ በአየር ላይ የተንሳፈፈበት ዘመን የለም። ድንጋዩን ጠርቦ፣ ሸክላውን ተኩሶ፣ ድርና ማጉን አገናኝቶ ከግዑዙ ቁስ ውስጥ ቅርጽን ያወጣው የሠራተኛው እጅ ነው። ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ በመደብ ከተከፋፈለ ወዲህ የሚሠራው እጅና ስለ ሥራው የሚናገረው አፍ ተለያዩ። እጁ ከገበያ ዳር ቀረ፤ አፉ አዳራሽ ገባ። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምንወድደው ጉዳይ ከዚሁ መለያየት የሚመነጭ ነው። ይኸውም በከፍተኛ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ተቋሞች ለሕዝብ የሚሰጠው ንግግርና የሚካሄደው የፓናል ውይይት ከሠርቶ አደሩ ጋር ምን ያህል ተገናኝቷል የሚለው ጥያቄ ነው።

በአገራችን የዚህ ትምህርት አንጋፋ ማእከል፣ በ1950 ዓ.ም. ግድም በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት ተከፍቶ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በእኚሁ መሥራቹ ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። መሥራቹ ከቺካጎ ተምረው ሲመለሱ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥተው በዚሁ ቤት አስተምረዋል። ዩኒቨርሲቲው ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2008 በስድስት ኪሎ አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፍቷል። በዚህ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2015 የኦላፉር ኤልያሰን፣ በተከታዩም ዓመት የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነችው የጁሊ ምሕረቱ ሥራዎች ለእይታ ቀርበዋል። ከትርኢቶች ጋር ንግግርና ውይይት ይዘጋጃል፤ ሠዓልያን ይጠየቃሉ፤ መምህራን ያብራራሉ። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሥዕሉ በሀብታም ሳሎን ተሰቅሎ ዝም ከሚል በአደባባይ ቆሞ ቢጠየቅና ባለሙያውም ለሠራው ሥራ መልስ ቢሰጥ፣ ባህል ከግል ንብረትነት ወደ ማኅበራዊ ሀብትነት የሚሸጋገርበት አንድ በር ተከፈተ ማለት ነው።

ጥያቄው ግን በሩ ለማን ተከፈተ የሚለው ነው። «ለሕዝብ ክፍት ነው» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ ሲጻፍ ቀላል፣ ሲተረጎም ከባድ ነው። ንግግሩ በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከሆነ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛዋ በዚያ ሰዓት በመዘውሩ አጠገብ ናት፤ ግንበኛውም ከመሰላሉ ላይ አልወረደም። የዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና ንግግሩም በዚያው ቋንቋ በሚፈስስበት ጊዜ፣ ደፍሮ የገባው ነዋሪ ቢበዛ የተናጋሪውን እጅ እንቅስቃሴ ተመልክቶ ይወጣል። በበሩ ላይ «ማነህ? የየት ክፍል ተማሪ ነህ?» የሚል ጥያቄ የሚቀበለው ከሆነ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ተመልሷል። ማንም ሰው አትምጣ አላለውም፤ ማንም ሰው ግን አላሰበውም። አለመታሰብ በግልጽ ከመከልከል የሚከፋበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ክልከላን ተቃውሞ መነሣት ይቻላል፣ መረሳትን ግን ለማን አቤት ይሏል?

ጉዳዩ የአገራችን ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አለው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የካፒታሊዝም ፋብሪካ የእጅ ሙያተኛውን ከመሣሪያው ነጥሎ የመኪና ተቀጽላ ባደረገው ጊዜ፣ ዊልያም ሞሪስ የተባለው ባለሙያ ስለ ጥበብ ለሕዝብ መናገር ጀመረ። ይህ ሰው የግድግዳ ወረቀትና የጨርቅ ንድፍ አውጪ፣ ቀለም ነካሪ፣ ሸማኔ፣ ባለቅኔም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 በሎንዶን ያደረገው የመጀመሪያው የአደባባይ ንግግር አድማጮች ለእጅ ሙያተኞች ትምህርት የቆመ ማኅበር አባላት ነበሩ። የተናገረውም ስለ ታላላቅ ሥዕሎች አልነበረም። ስለ ወንበርና ምንጣፍ፣ ስለ ሳህንና መጋረጃ፣ ማለትም «ታናናሽ» ተብለው ስለሚናቁት ጥበቦች ነበር። መሠረተ ሐሳቡ አጭርና ግልጽ ነው፦ ሥራ ለሠራተኛው ደስታ ካልሰጠ ከሥራው የሚወጣው ዕቃም ውበት አይኖረውም፤ ስለዚህ የውበት ጥያቄ መጨረሻው የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1883፣ ይኸው ሰው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ስለ ሥነ ጥበብ እንዲናገር ተጋበዘ። በሊቀ መንበርነት የተቀመጠው ታዋቂው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ራስኪን ነበር። ታዳሚው ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ ለስላሳ ንግግር ሊሰማ ጓጉቶ ሳለ፣ ሞሪስ ጥበብን የገደለው የትርፍ ውድድር መሆኑን አብራርቶ ራሱም ሶሻሊስት መሆኑን በግልጽ አስታወቀ። የኮሌጁ አለቃ ቅር መሰኘቱን ከማሳየት አልተቆጠበም። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያጤን እንወዳለን። ያ አዳራሽ ስለ ጥበብ ብዙ ንግግር ሰምቷል፤ የደነገጠው ግን ጥበቡን ማን በምን ዋጋ እንደሚሠራው በተነገረበት ዕለት ነው።

ሞሪስ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በሐመርስሚዝ በሚገኘው ቤቱ አጠገብ የሠረገላ ማቆሚያ የነበረውን መጋዘን የመሰብሰቢያ ክፍል አድርጎ በእሑድ ቀን ንግግር ይካሄድበት ነበር። ክሮፖትኪንና በርናርድ ሾው የመሳሰሉ ሰዎች በዚያ ተናግረዋል። ቀኑ እሑድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሠራተኛው ለራሱ የሚሆን ጊዜ ያለው በዚያ ቀን ነበርና። ይህን ስንል ሰውዬውን ከእንከን ነጻ ለማድረግ አይደለም። የድርጅቱ ምንጣፍና መጋረጃ እጅግ ውድ በመሆኑ ዕቃውን የሚገዛው ያ የሚያወግዘው ከበርቴ ነበር፤ ሞሪስም ለሀብታሞች ድሎት መሥራቱ ዕድሜ ልኩን ያንገበግበው ነበር። ንግግር ብቻውን የገበያን ሕግ አይለውጥም። ሆኖም ሠራተኛው ስለሚሠራው ዕቃ ራሱ ጥያቄ የሚያነሣበት መድረክ ሲኖር፣ ቢያንስ ቅራኔው ከመሸፈን ይድናል።

ከሠራተኛው መንግሥት በኋላ የመጣውም ተሞክሮ ቢሆን ሊመረመር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በሞስኮ በመንግሥት አዋጅ የተቋቋመው ቪኹቴማስ የተባለው የጥበብና የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ዓላማው ሠዓሊንና የፋብሪካ ንድፍ አውጪን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተማር ነበር። ከመደበኛው ትምህርት ያልደረሱ ሠራተኞችን የሚያዘጋጅ ክፍልም ነበረው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1921 ሌኒን የተማሪዎቹን ማደሪያ በጎበኘ ጊዜ ምን እንደሚያነብቡ ጠይቋቸው፣ እነሱም ማያኮቭስኪን ብለው ሲመልሱ፣ እሱ ፑሽኪን እንደሚሻለው ነግሯቸው ስለ ጉዳዩ በሳቅ እንደ ተከራከሩ የተማሪዎቹ ትዝታ ይናገራል። የአገር መሪና የሥዕል ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ግጥም ያልተስማሙበት ምሽት ነበር። ዘመኑ ግን አልቆየም። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1930 ተዘጋ፤ በ1932 በወጣው ውሳኔም የጥበብ ሰዎች ነጻ ማኅበራት ፈርሰው በአንድ ማእከል ሥር እንዲጠቃለሉ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ከታች ወደ ላይ መውጣቱን አቁሞ መመሪያ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ስለ ሠራተኛው የተሳለው ሥዕል በዛ፤ ሠራተኛው ስለ ሥዕሉ የሚናገረው ግን አነሰ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974፣ የወሎ ረሀብ ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ የሕዝቡ ቁጣ ገንፍሎ በወጣበት ዓመት፣ ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የረሀቡን ሰለባዎች በሸራው ላይ አሳየ። ያ ሥዕል ከሕዝቡ ጥያቄ ጋር አብሮ የተወለደ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፖስተሩንና ማስተማሪያ ሥዕሉን የሠሩት የሥነ ጥበብ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን በዚያው ሥርዓት የአደባባዩ ሸራ እየገዘፈ በሄደ ቁጥር ከሥሩ የሚሰለፈው ሕዝብ ዝም እንዲል ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ወር ትግላችን የተባለው ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ተሠርቶ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲመረቅ፣ በሰሜን የሚኖሩት ወገኖቻችን በረሀብ ይረግፉ ነበር። በሐውልቱ ላይ ገበሬው አለ፤ ወዛደሩም አለ። ሐውልቱ እንዴት ይሁን፣ ይሁንስ ወይ ተብለው ግን አልተጠየቁም። በሕዝብ ስም መናገርና ሕዝብን ማናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

እጅና አፍ የተለያዩበትን ሥር ለማግኘት ከፈለግን የራሳችንን ቋንቋ መመርመሩ ይበቃል። ጥበብ ማለት ማስተዋልና ዕውቀት ነው፤ ጥበብ ማለት ደግሞ ሸማኔው በቀሚሱና በነጠላው ዳር የሚያስገባው ባለቀለም ጌጥ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሊቁና ሸማኔው አብረው ተቀምጠዋል። ፊውዳላዊው ኅብረተሰብ ግን ሊቁን ጠቢብ ብሎ ሲያከብር፣ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያለ ሰደበ፤ ከማእዱ ለየ፤ ልጁን እንዳይድርላቸው ከለከለ። ጉዳዩ እጅግ የከፋ ስለ ነበር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ሠራተኛውን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ንቀትን ግን ከኅሊና አይነቅልም። ንቀቱ መልኩን ለውጦ ዛሬም ይኖራል። በዲዛይን ላይ በሚደረግ የፓናል ውይይት መድረኩን የሞሉት ሁሉ ባለዲግሪዎች ብቻ በሚሆኑበት ጊዜ፣ ከጉለሌና ከሽሮ ሜዳ የመጣ አንድ ሸማኔ ከመካከላቸው በማይታይበት ጊዜ፣ የጥንቱ ጠቢብና የጥንቱ ጠይብ እንደ ተለያዩ ናቸው ማለት ነው።

ያ ሸማኔ በመድረኩ ቢቀመጥ የሚናገረው አያጣም። ከእናት አባቱ የተማረውን የጥበብ ንድፍ አስመስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ፣ እሱ በቀናት የሚሠራውን በጥቂት ብር እንደሚሸጥበት ይነግራል። ንድፉ የማን ነው? የፈጠረው ማኅበረሰብ በሕግ የሚጠበቅለት መብት ምንድን ነው? የንድፍ ተማሪው ከሸማኔው ተምሮ ያወጣውን አዲስ ጥለት በስሙ ሲሸጥ ለሸማኔው የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሕግም፣ የኢኮኖሚም፣ የውበትም ጥያቄዎች ናቸው። በአዳራሹ ውስጥ የሚነሡት ግን ኑሮው በጥያቄው ላይ የተንጠለጠለው ሰው በአዳራሹ ሲገኝ ነው።

ሠዓልያኑ ሕዝቡን ረስተዋል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ብንል ሐሰት ይሆናል። በዚሁ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ታደሰ መስፍን በመንገድ ዳር ጉሊት ተቀምጠው የሚውሉ ሴቶችን የኑሮ ምሰሶ አድርገው በተከታታይ ሥዕሎቻቸው አቁመዋቸዋል። ከእሳቸው የተማረው ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ይዛ በቬኒስ የዓለም የሥነ ጥበብ ትርኢት ስትቀርብ ወክሏታል። ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገዛውን የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የፊደል ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እያያያዘ በዓለም ሙዚየሞች የሚታይ ሥራ ሠርቶበታል። ያን ሽቦ ከምናለሽ ተራ ቆሻሻ መካከል የለየ፣ የጠረገና የተሸከመ እጅ አለ። ጉሊቷ ሴት በሎንዶን አዳራሽ ተሰቅላ ትታያለች፤ እኛም በዚህ እንኮራለን። ሆኖም ስለዚያ ሥዕል በአዲስ አበባ ውይይት በሚደረግበት ዕለት፣ ያቺ ሴት ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ለአንድ ሰዓት መጥታ «እኔን እንዲህ አድርጋችሁ ያያችሁኝ ለምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ከየትኛውም ሐያሲ የበለጠ ሂስ ይሆን ነበር። ለሠዓሊውም ቢሆን ስድብ ሳይሆን ክብር ነው።

ከሥዕል ወደ ዲዛይን ስንሻገር ደግሞ ነገሩ ከክብር አልፎ የዕለት ኑሮ ይሆናል። ዲዛይን ማለት ለብዙ አንባብያን የልብስ ቄንጥ ይመስል ይሆናል። ሠራተኛው የሚጨብጠው የመሣሪያ እጀታ፣ በቀን ስምንት ሰዓት የሚቀመጥበት ወንበር፣ በአውቶቡሱ ውስጥ የሚይዘው ብረት፣ አሮጊቷ የምትወጣው ደረጃ ሁሉ አንድ ሰው በወረቀት ላይ አስቀድሞ የወሰነው ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረውን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እንውሰድ። የንድፍ ባለሙያዎቹ የሕዝቡን አኗኗር ፈጽመው አልዘነጉም፤ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበዓል ከብት ማረጃ የሚያገለግሉ የጋራ ሕንፃዎች በዕቅዱ ውስጥ ገብተው ነበር። ቅን ሐሳብ ነበር። ነገር ግን በአራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ሊጥ በባልዲ ተሸክማ ወርዳ፣ ጋግራ፣ እንጀራውን ይዛ መውጣት እንዳለባት በወረቀቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ምጣዱ በጠባቧ ማድ ቤት ገባ፤ ከ3000 ዋት በላይ የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ በየፎቁ በአንድ ጊዜ ሲለኮስ ቆጣሪው ይወርዳል፤ የጋራው ሕንፃም በብዙ ቦታ ለሌላ ጉዳይ ዋለ። ይህን ስሕተት ለማወቅ ከውጭ አገር አማካሪ መጥራት አያስፈልግም ነበር። በዕለተ ቅዳሜ የምትጋግር አንዲት እናት በንድፍ ውይይቱ ላይ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር።

የዕድር ዳኞችም ቢጠየቁ የሚሉት አላቸው። የአስከሬን ሣጥን በጠባቡ የደረጃ መታጠፊያ እንዴት ይዞራል? የልቅሶው ድንኳን የት ይተከላል? መኪና ማቆሚያው ተለክቶ ሐዘንተኛ መቀመጫው ለምን አልተለካም? እነዚህ ጥያቄዎች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አይገኙም፤ የሚገኙት በነዋሪዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው። የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበራት የተቋቋሙት ለውኃ ሞተርና ለጥበቃ ደመወዝ ገንዘብ ለማሰባሰብ ብቻ እየመሰለ የሄደው፣ ከእነሱ ዘንድ ያለው ዕውቀት ዕውቀት ተብሎ ስላልተቆጠረ ነው።

ጉዳዩ የሚያቻኩልም ነው። በ2016 ዓ.ም. በመዲናችን የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመንገዱን ስፋት፣ የእግረኛውን መሄጃ፣ የሕንፃውን ቀለምና የመብራቱን ምሰሶ ለውጧል። በፒያሳና በካዛንቺስ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ ሕፃናት ሲሮጡበት ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን አለማየት ጭፍንነት ነው። ነገር ግን ከአንድ ሠፈር ጋር አብሮ የሚፈርስ ሌላ ሕንፃ አለ፤ እሱም በካርታ ላይ የማይታየው የዕድር፣ የእቁብና የቡና ጉርብትና ነው። አዲሱ ሠፈር ሲነደፍ ያ ጉርብትና እንደገና የሚበቅልበት ቦታ ተተውለታል ወይ? ግቢው ሴቶች ቡና አፍልተው የሚጠራሩበት ነው ወይስ ታጥሮ የሚታይ ሣር ብቻ? የጉሊቷ ሴት ከሰፊው መንገድ ዳር ሕጋዊ መቀመጫ አላት ወይ? ይህ ሁሉ የዲዛይን ጥያቄ ነው፤ የዲዛይን ትምህርት ቤትም ስለ እነዚህ ጉዳዮች በግልጽ ካልተወያየ ስለ ምን ሊወያይ ነው? ውይይቱ መካሄድ ያለበት ደግሞ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ አይደለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ የሚያነሡ ምሁራን እንዳሉ እናውቃለን። ጥበብ በስብሰባ አይመራም፣ ብዙኃኑ ያልገባው ሁሉ ይጣል ከተባለ አዲስ ነገር አይፈጠርም ይላሉ። ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1955 ዓ.ም. ግድም ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ባሳየ ጊዜ ረቂቅ ሥዕሉ ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበር። በዚያን ዕለት እጅ ይውጣ ቢባል ኖሮ ሸራው ከግድግዳው ሳይወርድ አይቀርም። ዛሬ ግን ሙዚየሙ በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ድምፅ ይሰጥበት አንልም፤ ሠዓሊው ምን መሳል እንዳለበት ስብሰባ ይወስንለት አንልም። እንዲህ ያለው አሠራር ምን እንደሚያስከትል ከላይ በሞስኮው ታሪክ አይተናል። የምንለው ሌላ ነው፦ ያልገባው ሰው አልገባኝም የማለት፣ የገባውም እንዲህ ገባኝ የማለት መብት በቋንቋውና በሰዓቱ ይኑረው። ሠዓሊው መልስ ሊሰጥም ሊከራከርም ይችላል። ደግሞስ ምሁራን እርስ በርሳቸው የሚመክሩበት የጥናት ጉባኤ ሁሉ ለሁሉም ይሁን የሚል ሰው የለም፤ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናን በአደባባይ አይከራከሩም። ብቻ ጉባኤው የምሁራን ከሆነ የምሁራን ነው ይባል፤ ለሕዝብ ክፍት ነው ከተባለ ግን ቃሉ ይጠበቅ።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ከራሱ ከሠራተኛው ወገን የሚመጣ ነው፤ «እኔ ደክሞኝ የምገባ ሰው ነኝ፤ ሥዕል ምኔ ነው?» የሚለው። ድካሙ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው የደከመ ሰው እሑድ ረፋድ በዕድር ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ስለ ድንኳን ሸራ ውፍረትና ስለ ወንበሩ ብረት ይከራከራል፤ የቡና ስኒ ሲገዛ ባለቤቱ ጆሮውን፣ ከንፈሩንና አበባውን አገላብጣ ታያለች። ይህ ምንድን ነው? የቅርጽና የቁስ ሂስ እኮ ነው። ሠርቶ አደሩ የውበትና የንድፍ አስተያየት የለውም የሚለው አባባል እሱን የማያውቁ ሰዎች የፈጠሩት ነው፤ እሱም ሲደጋገምበት አምኖ ተቀብሎት ይሆናል።

እንግዲህ ከትምህርት ቤቶቹ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ንግግሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፤ ተናጋሪው የውጭ አገር ሰው ቢሆን እንኳ አንድ ተማሪ በአማርኛ፣ እንደ አካባቢውም በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች ያስተርጉም። ማስታወቂያው በተቋሙ በር ብቻ ሳይሆን በፋብሪካው ካፍቴሪያና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከፓናሉ ወንበሮች አንዱ ነገሩን በእጁ ለሚሠራው ወይም በቤቱ ለሚኖርበት ሰው ይያዝ፤ ይህ ሰው ለማሟያ ተጠርቶ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ «አስተያየት ካለ» የሚባል ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ተራ የሚናገር ይሁን። የሠራተኛ ማኅበራትና የነዋሪዎች ማኅበራትም በበኩላቸው እስኪጠሩ መጠበቅ የለባቸውም። ከአባሎቻቸው መካከል ሁለት ሦስት ሰዎች መርጠው ይላኩ፤ የተላኩትም የሰሙትን ለማኅበሩ መጥተው ያስረዱ፤ ጥያቄያቸውንም አስቀድመው በጽሑፍ ያድርሱ። ጥያቄው ካልተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ ይድገሙት።

የሚቀጥለው ውይይት ስለ መኖሪያ ቤት ንድፍ የሚሆን ከሆነ ደግሞ አዳራሽ ፍለጋ መድከም አያሻም። በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ግቢ ያ ለእንጀራ መጋገሪያ ታስቦ የተሠራው ሕንፃ ቆሟል። ከእሑዶች በአንዱ፣ ዕድሩ ከተነሣ በኋላ በዚያ ይካሄድ። ድንኳንና ወንበር ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ቡናውን ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ወንዶቹም ያፈላሉ። ትምህርት ቤቱ ተናጋሪዎቹንና የንድፍ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ ደረጃውንም ከነዋሪዎቹ ጋር አብሮ ይውጣ።